አንድ እርምጃ ጭቃ

የእነዋሪን ጭቃ የረገጠ ያውቃል፤
እግር ተነሥቶ ሄዶ ጫማ ይጠብቃል።
ዋልካው ለገበሬ ጤፍ ነው፣ ምስር፣ ጸጋ፤
ለእኛ ለባለሱቅ ሰኔ ሲል አደጋ።
አንድ ጊዜ አህያ ከነጨው ጭነቱ
ፖስታ ቤቱ በር ላይ ሰምጦ እስከ ደረቱ፣
ስድስት ሰው ሲጎትት፣ ስልሳው ቆሞ ስቆ፣
ዋለ መሀል ከተማው ሱቁን ሁሉ ለቆ።

ከዚያ ነው ጋሽ በሻህ፣ ጡረታ የወጣው፣
የሒሳብ መምህሩ፣ ደብተር ይዞ የመጣው።
«ማዘጋጃ ቤቱን ሰባት ክረምት ለመንን፤
አሁን ይበቃናል፣ እንለምን ራሳችንን።
ሁሉም በየደጁ ሦስት ሜትር ያንጥፍ፤
ድንጋዩ ከጀማ አፋፍ ይምጣልን በሰልፍ፤
የአህያውን ኪራይ ይቻል የዕድሩ ሣጥን»
ብሎ በየተራ ጻፈው ስማችንን።

ሥጋ ቤቱ ጀመረ፤ ወፍጮ ቤት ተከተለ፤
መድኃኒት ቤቱማ ጠርዙን በኖራ ኳለ።
ፀጉር አስተካካዩ ንጋቱ ድሃ ነው፤
ድንጋይ መግዣ ቢያጣ በጉልበት ከፈለው።
ጫማ በእጅ አንጠልጥሎ ለኖረ ተማሪ
ነጭ ሸራ ጫማ ገባ እነዋሪ።
ወሬው ደነባ ደርሶ፣ በጤፍ ግዢ ሰበብ
መጣ ሁለት ሦስት ሰው ንጣፉን ሊታዘብ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ለካሁ በሜትሬ፤
አንድ ጣት ሳላልፍ አነጠፍኩ ከበሬ።
እትዬ አስካለም፣ ጎረቤት፣ ባለ ሚስማር፣
ከደጇ ጀምራ አቆመችው ከድንበር።
በመሀል ቀረች አንዲት እርምጃ ጭቃ፤
የእኔም አይደለችም፣ የሷም አትሆን፣ በቃ።

ምክንያቱን ለጠየቀ፦ የጣራዋ አሸንዳ
ውሃውን የሚደፋው በእኔው ግድግዳ።
ዐሥራ አንድ ዓመት ሆነ «እንዴት አደርሽ» ካልኳት፤
ስታነጥስ እንኳን «ይማርሽ» አላልኳት።

ጋሽ በሻህ መጣና ጎንበስ ብሎ ለካት፤
«ስልሳ ሳንቲ ሜትር፣ ኩራት የሞላባት»
ብሎ ደብተሩ ላይ ጻፈ፤ ምንም አልጨመረ።
እኔም ጨርቅ ቆረጥኩ፤ መቀሴ ተናገረ።

በነሐሴ ዝናብ የባለወፍጮው እናት
አርፈው፣ ቃሬዛው መጣ በአዲሱ ንጣፍ አናት።
አራት ሰው ተሸክሞ ሲራመድ በዝግታ፣
እግር አልተንሸራተተ፣ አልሰማንም ኳኳታ፤
እኛ ደጅ ሲደርሱ ፊተኛው ሰጠመ፤
ቃሬዛው አዘመመ፤ ሀገር ሁሉ ቆመ።
አስካለ በበሯ፣ እኔ በበሬ ላይ፤
ዐይን ለዐይን ተጋጨን፤ ምነው ባንተያይ።
ንጋቱ ትከሻውን አግብቶ ደገፈ፤
ለቀስተኛው ሁሉ ዝም ብሎ አለፈ።
ቢሰድቡኝ ይሻል ነበር፤ ስድብ ይመለሳል፤
ዝምታ ግን ቤትህ ተከትሎ ይደርሳል።

ሌሊት መብራት ጠፍቶ፣ ወደ ጓሮ ወርጄ፣
ከቤት ሥራ የተረፈ ድንጋይ በሁለት እጄ
አቅፌ ስወጣ፣ ኩራዝ አየሁ ማዶ፤
አስካለ ጎንበስ ብላ፣ ነጠላዋ ወርዶ፣
የራሷን ድንጋይ ይዛ፣ ጭቃውን ስትዝቅ።
«አንተ ነህ?» አለችኝ፤ «አዎ» አልኩኝ በጭንቅ።
«መዶሻስ ይዘሃል?» «ልብስ ሰፊ፣ መዶሻ?»
ሳቀች፤ እርቅ አልለውም፣ ብቻ ነው መነሻ።

የኔ ድንጋይ ወፍራም፣ የሷ ደግሞ ስስ፤
ብናዞር ብንመታ ዶሮ እስኪጮህ ድረስ፣
ጎን ለጎን ገቡ እንጂ እኩል አልሆኑም፤
የኔው ጫፍ ብቅ አለ፣ ዛሬም አልገባም።
ከተማው ስም አወጣ፤ «የሰፊው ጥርስ» አለው፤
ያልነቃ እንግዳ ሁሉ ጣቱን የሚነክሰው።
አሸንዳው ያው ያፈሳል፤ በርሜል አለ ከሥሩ፤
እኔም እሷም እንቀዳለን፤ ይብላኝ ለድንበሩ።

ትናንት አንድ ሾፌር ከአዲስ አበባ መጥቶ፣
ተደናቀፈና ረገመን ተቆጥቶ፦
«ሁለት ድንጋይ ማስተካከል ያቃተው ከተማ!»
አስካለ ከሱቋ ወጣች ይህን ስትሰማ፤
«ልጄ፣ እግርህን አንሣ፤ ድንጋያችን ያው ነው፤
ይህ ሁሉ ዝናብ ጥሎ ጫማህ ንጹሕ ነው፤ እየው!»

ክር በጥርሴ ይዤ ራሴን ነቀነቅሁ፤
«ድንጋያችን» ማለቷን በሆዴ እየሳቅሁ።