የሰዓቱ ደረሰኝ

ሐረጎን ስንወጣ፣ ሞተሩ ሲያጓራ፣
ጉሙ በመስኮቱ ገብቶ ከእኛ ጋራ፣
ትኬት ያልቆረጠ ድብቅ ተሳፋሪ፣
ትከሻዬን ይዞ ሆነ መንገድ መሪ።

አርባው በወጣ ቀን፣ ሲፈተሽ ያ ዕቃ፣
ከአባቴ ዳዊት ውስጥ ወረቀት ሲነቃ፣
ስሙን አይጥ በልታው፣ ጠርዙ ተቀርጥፎ፣
ቁጥርና ከተማ ብቻ ቀርቶ ተርፎ፦

    «እንድሪስ ሰዓት ጥገና፣ ሸዋ በር፣ ደሴ።
    ቁጥር ሰማንያ ሰባት። አንድ የእጅ ሰዓት።
    ቀሪ ሒሳብ፣ ሦስት ብር።»

ስለዚች ከተማ ስንጠይቀው ድሮ፣
«ብርድ ናት» ይለናል፣ ፊቱን ወዲያ አዙሮ።
አላምነውም ነበር፤ እውነቱን ነው ለካ፣
የጦሳ ነፋሱ ጣቴን ሲነካካ።

ባጃጁን የሚነዳው ኑርዬ ይባላል፤
ከመስታወቱ ሥር ማርያምን ለጥፏል።
ዓይኔን ተከትሎ ሳቀ፦
    «ባጃጇ የእትዬ ዘነቡ ናት፤ ማርያምም የሷ።
    የኔ ፍሬኑ ብቻ ነው።
    ቁልቁለት ላይ ግን ለሁላችን ትደርሳለች፤ አብሽሪ!»

ሸዋ በር ላይ ወረድኩ። ሁለት ሥጋ ቤቶች
በአንድ ቆርቆሮ ሥር፣ እንደ መንታ ልጆች፤
አንዱ በር ላይ መስቀል፣ አንዱ በር ጨረቃ፣
ቢላው ለየብቻ፣ ለየብቻው ዕቃ።
መሐላቸው ላይ ግን አንድ ውሻ ተኝቷል፤
ረቡዕን አይጾም፣ ረመዳን ይበላል፤
ከግራም ከቀኝም አጥንት ይወድቅለታል።

የሰዓት ሠሪው ቤት በሩ ያስጎነብሳል፤
ውስጥ ግድግዳው ሁሉ ይከራከራል፦
አንዱ «መሸ» ሲል፣ ሌላው «ገና ነው» ይላል።
ልጁ ጦይብ ነበር፣ ማጉያ ባይኑ ሰክቶ፣
ደረሰኜን አይቶ፣ መደርደሪያ ከፍቶ፣
ባለቤት ያጣውን ሲያነብ ከአንድ ጣሳ፣
ሰማንያ ሰባትን በክሩ አነሣ።
ክሩ ላይ ወረቀት፣ ወረቀቱ ላይ ስም፤
«ሙሄ ተገኘ» ይላል። አልኩት «አይ፣ አይደለም፤
አባቴ መንበሩ ነው፤ ሙሄን አላውቅም።»

ከመጋረጃ ጀርባ አሮጌ ድምፅ ሳለ፤
«ሙሄ? ያ የጢጣው? መጣ እንዴ?» አለ።
    «የገራዶዋን ልጅ ሊያገባ ተጠምቆ፣ ስሙን ለውጦ ሄደ።
    ጁምዓ ጁምዓ ከጎኔ ነበር የሚቆመው።
    ሰዓቱን ሲሰጠኝ ‹ለመጪው ጁምዓ አድርስልኝ› አለኝ።
    እኔ አደረስኩ። እሱ ቀረ።»

አባቴ እሑድ እሑድ፣ ከቅዳሴ በፊት፣
ክንዱን እስከ ክርኑ፣ እግሩን በትዕግሥት
ሲያጥብ ትዝ አለኝ፣ ቧንቧው ሥር ጎንበስ ሲል፣
እኛ «ጽዱ ሰው ነው» ስንል፣
እናታችን ዞር ስትል።

«አረፈ» አልኳቸው።
ዝም አሉ። ግድግዳው ብቻ ቆጠረ።
መዳፋቸውን ዘረጉ፤ እኔም አማተብኩ።
በዱዓቸው ውስጥ ስም አልጠሩም፤
«ያንን ባለ ሰዓት» ነው ያሉት።

ጦይብ ጆሮውን አዙሮ ሞላው። ተነሣ።
«በቀን አራት ደቂቃ ይዘገያል» አለኝ፣ እያፈረ።
«ባለቤቱም እንዲያ ነበር» አልኩት።

ሦስት ብሩን ከፈልኩ። ሽማግሌው ሳቁ፦
«የሠላሳ ዓመት ማደሪያውን ምሬዋለሁ።»
ካርቦኑ ተነጠፈ፤ እስክሪብቶው ቆመ።
«አዲሱን ደረሰኝ በማን ስም ልጻፈው?»

ውጭ ጉሙ በሩ ድረስ ወርዷል።

«ተገኘ በል» አልኩት።
«ተገኘ ብቻ?»
«እሱው ይበቃል።
ተገኘ።»