አንዲት ፊደል

ሰርቨሩ ያለበት ክፍል ሐይቁን አያይም፤
መስኮት የለውም። ብርዱም የማሽን ነው፣
የጣና አይደለም።
ሻይ የፈሰሰበት፣ አይጥ የቀመሰው የይዞታ ዶሴ፣
ወደማይፋቅ ቋት የማሻግረው እኔው ነኝ፣ ራሴ።
እያንዳንዱ መዝገብ የፊተኛውን አሻራ ይሸከማል፤
አንዱን የነካ እጅ የኋላውን ሁሉ ይቀሰቅሳል፣
እንደ ሽምብጥ ውሾች፦ አንዱ ሲጮህ ሌላው ይቀበለዋል።

ሐምሌ ነበር ያኔ። መብራት ሄዶ መጥቶ፣
ጄኔሬተር ሲያጓራ፣ ዐይኔ እንቅልፍ ጠጥቶ፣
የወይዘሮ አይናዲስ ልየውን የደንገል ዳር ቦታ፣
ሁለት መቶ ካሬ፣ ስመዘግብ ማታ፣
ጣቴ አዳለጠኝ።
«ልየው» ስል «ለየው» አለ። ማኅተሙ ወረደ።

«ልየው» ምኞት ነበር፣ አያት የሰየሙት፤
እኔ በአንዲት ፊደል ከልጁ ለየሁት።

አለቃዬ ዘንድ ሮጥሁ። «ክፈትልኝ» አልሁት።
«ቁልፍ የለውም» አለ፤ «ሲሠሩትም አላበጁለት።
ከሥሩ ጻፍ።»
ጻፍሁ። ስህተቴ ከነስሜ፣ ከነደቂቃው፣
እዚያው ተቀመጠ፣ የልጅ ልጄ እንዲያየው።

ያን ሌሊት የኔታ ትዝ አሉኝ፣ በደሴቱ ደብር፣
ከወንጌሉ ኅዳግ የርስት ቃል ሲያሳዩኝ ነበር፦
«ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ» ይላል፤ ውግዘት ነው።
ግን ብራናውን ወደ ፀሐይ ሲያዞሩት
የሰንጢ ጠባሳ፣
አንድ ስም የሳሳ።
ውግዘቱን እያነበበ አንዱ ደፍሮ ፍቆታል።
የማን እንደ ነበር ማን ያውቃል?

መስከረም ላይ አዋሳኟ መጣ፣ መኪናውን ሳያጠፋ፤
«የኔን ሁለት ስድስት በላት፤ በአንድ ቁጥር ማን ሊከፋ?»
ስክሪኑን አዞርሁለት።
«ይህ የኔ ጥፋት ነው፣ አየኸው?
የገዛ እፍረቴን መፋቅ ያቃተኝ
ያንተን ቁጥር እንዴት ልለውጠው?»
ፖስታውን ከጠረጴዛዬ አንሥቶ ወጣ።

አይናዲስ በሳምንቱ መጣች። አነበብሁላት፦
ከላይ «ለየው»። ከሥሩ፦ «ልየው ተብሎ ታርሟል።
ያረመ፦ ምንውየለት ካሴ። የሳተውም እሱ።»
«ታዲያ የላዩን ለምን አላጠፋኸውም?»
«አይጠፋም፣ እናቴ።»
ጥቂት ዝም አለች።
«እንግዲያ መሬቴም አይጠፋም።»

ወደ ቤቷ ሄደች፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ፤
ጣና ሞልቶ ነበር። የድንበሯ ድንጋይ
እስከ ኅዳር ድረስ ከውኃ በታች ነው።