ነጭ ጃኬት

ዘፈናቸው ከፒያሳ በቸርችል ቁልቁል ወረደ፤
ለገሃር ሲደርስ ወያላው አዝማቹን ለራሱ ወሰደ፤
«ጠብቂኝ»ን አውጥቶ ጥሎ «ሜክሲኮ» ብሎ ዘፈነ፣
ዜማው ምንም አልጎደለው፤ እንዲያውም የተሻለ ሆነ።

በራዲዮ አንድ አዋቂ «ገለባ ነው» ብሎ ጣለው፣
ፕሮግራሙን ሲዘጋ ግን ያንኑ ዘፈን አስከተለው።

እኔ፣ ሠራተኛ ሰፈር፣ ከስፌት መኪናዬ ጋራ፣
አያለሁ የሰፋሁት ጃኬት በየፖስተሩ ሲያበራ።
የሦስቱን ከፍለውኛል፤ አጭሩ ኢዮስያስ ግማሽ አለበት፤
ሲዘል ብብቱ ተተርትሯል፤
ማን ዓይኑን ይጥልበት!

ትናንት አንዲት ተማሪ መጥታ «የሱን ዓይነት» ስትለኝ፣
ለክቼ ዋጋ ነገርኳት። ከበሩ ተመልሳ ጠራችኝ፦
«ብብቱን እንዳትሰፋው፣ አደራ!»

ጨምሬ አስከፈልኳት፤
መተርተርም እኮ ነው ሥራ።