የፖም ግንደ ሕዋስ፣ ሃምሳ ግራም

ጉም ከጦሳ ወርዶ ፒያሳን ሲያለብስ፣
እኔ ብልቃጥ በብልቃጥ አቧራ ስዳብስ፣
ጦይባ ይመር ገባች፣ ጃንጥላዋን ሳታጥፍ፣
ገና ከሐረጎ ጥምዝምዝ ጭንቅላቷ ሳያርፍ።

‹‹ያ የሚያድሰው ቅባት፣ ያ ፖም ያለበቱ፣
አለ ወይ?›› አለችኝ።
አለ፤ ያውም ያልተከፈተ፣ ከነካርቶን ቤቱ።

ንግግሩን እንደ ዳዊት በቃሌ ይዤዋለሁ፣
ለስንት ሙሽራ፣ ለስንት ሚዜ አነብንቤዋለሁ፦
‹‹ፈረንጅ አገር አንድ የፖም ዛፍ አለ፣
ፍሬውን ቆርጠው ቢያኖሩት ወር አልፎት ያልዛለ።
ከዚያ ዛፍ አንዲት ቅንጣት በጥበብ ተወሰደች፣
ቅጠል ልሁን፣ ሥር ልሁን፣ ገና ያልወሰነች፣
በጠርሙስ ውስጥ ተራባች፤
ይኸው እዚህ አለች።
ግንደ ሕዋስ ይሏታል፣ የሁሉ መነሻ፣
የጊዜን ጭረት ከፊት ላይ መደምሰሻ።››

እዚህ ላይ ዝም እላለሁ። ዝምታዬም ይሸጣል።
(ሁለት ዓመት ባዮሎጂ ተምሬ አቋርጫለሁ፤ ይቆጨኛል።
ብልቃጡ ውስጥ ያለው ሕይወት አይደለም፣ ጭማቂ ነው፣
ተፈጭቶ፣ ተጣርቶ፣ በሽቶ የተገነዘ አስከሬን ነው።)

ጦይባ ግን ፊቷን አላሳየችኝም። መስታወትም አልጠየቀች።
ሁለት እጇን ከሻሏ ስር አውጥታ
ባንኮኒዬ ላይ ዘረጋች።

‹‹ሠላሳ አንድ ዓመት ቆዳ ፋብሪካ ነበርኩ፣ ኮምቦልቻ፣
ከኖራው ገንዳ ዳር፣ ያለ ጓንት፣ በእጄ ብቻ።
የበጉን፣ የፍየሉን፣ የበሬውን፣
ስነክር፣ ስፍቅ፣ ስገፍ ጸጉሩን።
ባለፈው ቀበሌ ሄድኩ፣ መታወቂያ ላወጣ።
ልጁ ጣቴን መስታወት ላይ አስጫነኝ፤ ምንም አልመጣ።
‹ይጥረጉት እማማ› አለኝ፤ ጠረግሁ።
‹ጫን ያርጉት› አለኝ፤ አረግሁ።
አስሩም ጣት እምቢ! ቀይ መብራት እየበራ።
ልጁ አፈረ መሰል። ‹ጠፍቷል› አለኝ፣ ‹የእርስዎ አሻራ።›
ጠፍቷል! ይጠፋል እንዴ፣ እንደ ጥጃ?
ወላሂ፣ እስከ ማታ ፈለግሁት በየደጃ።

ይሄ ቅባት፣ በሬዲዮ፣ ከሥር ያበቅላል ሲሉ ሰማሁ።
በሁለት ሚኒባስ አሳብሬ መጣሁ።
ፊቴን ተይው። ፊቴን የሚያውቀኝ ያውቀዋል።
ለማያውቀኝ ለዚያ ማሽን፣ አስር ጣት ይበቅልልኛል?››

ምን ልበላት?
ቧንቧ ውሃ፣ ጓሯችን ውስጥ የባሕር ዛፍ ጉቶ አለ፣
አባቴ በቆረጠው ቁጥር አቆጠቆጠ፣ ቀጠለ።
እሱ አለው ያንን ሕዋስ፤ መጥረቢያ ሲነካው ይነቃል።
የሰው ጣት ግን
ስንቴ ይነክሩታል?

መሞከሪያውን ከፈትሁ። ብልቃጡን ተቀብላኝ፣
በጣቷ ጫፍ ነክታ፣ አሽታ፣ ፈትጋ፣ ዓይኗን ጨፍና ነገረችኝ፦
‹‹አይገባም ይሄ። ላይ ላዩን ነው የቀረው።
ቆዳ ዝም ብሎ አይጠጣም ልጄ፤ እኔ ነኝ የማውቀው።
እኛ ቀለም እንዲገባው ምን ያላደረግነው አለ?
ኖራ በላ፣ ጨው በላ፣ በርሜል ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ዋለለ።
ይሄ የናንተ ጉም ነው፣ ያርፋል፣ ይነሳል፣ ይሄዳል።››
ደግማ አሸተተችው።
‹‹ሽታውስ ደግ ነው፤ የኖራ አይደል።››

ዋጋውን ነገርኋት። ሳቀች፣ ጥርሷ እስኪታይ ድረስ፦
‹‹በዚህ ብርማ ሙክት ይገዛል!
ከነቆዳው!››
ጃንጥላዋን አነሳች።
ሳትሰናበተኝ ጉሙ ውስጥ ገባች።

ብልቃጡን ልመልስ ብዬ ወደ መብራቱ ባነሳው፣
የኔ ጣት በያለበት፣ ክብ በክብ፣ ጉቶ መሰለ ምልክቱ፣
እሷ የያዘችው በኩል ግን ቅባት ብቻ፣ ለስላሳ ጭጋግ፣
አንድም መስመር የሌለበቱ።

ጨርቄን አነሳሁ።
መልሼ አስቀመጥሁ።