ግማሽ ኢንች

ዌልስ ባሕር ዳር፣ ዝናቡ ከጎን በሚመታበት፣
የባሕር ወፍ የተማሪ ሳንድዊች ነጥቆ በሚበርበት፣
አንድ ትንሽ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ እኔ ከምድር ቤቱ
ቁጥር እመግባለሁ፣ በየዓመቱ።

ሥራዬ ቀላል ነው። መጠይቅ ከለንደን ይመጣል፤
ለአንድ መምህር ስንት ተማሪ ይደርሳል?
ከተመረቁት ውስጥ ስንቱ ሥራ ይዟል?
እኔ እሞላለሁ። ሠንጠረዡ ይወጣል።

ሥራ ይዟል ያልነው ጋሬዝ፣ ፊዚክስ የተማረው፣
ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት አሳ ነው የሚጠብሰው።
"ይዟል" ብዬ ጻፍኩ፤ ዋሸሁ አልልም፣
ጭልፋም መያዝ መያዝ ነው፤ ምን እንደያዘ ቅጹ አይጠይቅም።

በመጋቢት ደግሞ የእርካታው መጠይቅ ሲደርስ፣
"የሞላ ፒዛ ይበላል" ተባለ፤ ልጁ ሁሉ ሲተራመስ
ረክተው ይሁን ጠግበው የሚለይ ሚዛን አጣሁ፤
ዘጠና ሁለት ከመቶ ብዬ ጽፌ ወጣሁ።

"ዝና" የሚል ረድፍም አለ፤ አይተውን የማያውቁ ይጠየቁና
ከአምና ሠንጠረዥ ስማችንን ፈልገው ነጥብ ይሰጡናል እንደገና፤
ዝና ዝናን ሲወልድ፣ አባቱም ልጁም ዝና።

ዘንድሮ ወደቅን፤ ከአርባ አንድ ወደ አምሳ ስምንት።
ማንም አልሞተ፣ ግንብ አልፈረሰ፣ መጽሐፍ አልጠፋ በድንገት፤
ለንደን ላይ አንድ ሰው ቀመሩን ነካ አደረገ በጣት፣
አሥራ ሰባት እርከን ተንከባለልን ያለ አንዳች ጥፋት።

አምና ዶክተር ፕሮሰር ሠንጠረዡን በመስታወት አሰቅሎት ነበር፤
ዘንድሮ "ጋዜጣ ምን ያውቃል!" አለ።
ምስማሩ ብቻ ቀርቷል፣ ከመብራት ማጥፊያው ዳር።

እኔ ግን ድሮም ስቄ ነበር። ወጡን የሠራ ያውቃል ምን እንደጨመረበት፤
ሲጋብዙት ነው ረሃቡ የሚጠፋበት።

ቅዳሜ፣ በጉብኝት ቀን፣ በሩን ተሳስቶ አንድ ሰው ገባ፤
ኤምሪስ ይባላል፣ ጣሪያ ሠሪ፣ ካፖርቱ ውሃ የሚያነባ።
ከኋላው ልጁ ኔሪስ፣ ስልኳ ላይ ያቀረቀረች፣ ያፈረች በአባቷ፤
አሥራ ሰባት ዓመቷ።

ከኪሱ ጋዜጣ አወጣ፣ አራት ላይ የታጠፈ፣
በእርሳስ የተሰመረ፣ በሬንጅ የጎደፈ።
"አምሳ ስምንተኛ" አለ። "ይሄ ጥሩ ነው መጥፎ?"
ዘረገፍኩለት፤ ጋሬዝን፣ ፒዛውን፣ ቀመሩን፣ አፌ ክዳኑን ገፎ።

እስከ መጨረሻው ሰማኝ። "ገባኝ፣ ይዋሻል" አለ።
"አንተን ግን ማን መከረህ፣ ኮሌጅ ስትገባ?" ብሎ ጠየቀኝ።
"አባቴ" አልኩት። መምህር ነበር። ቃሉ አነቀኝ።

"የእኔ አባት ጣሪያ ላይ ኖረ፤ ከጣሪያ ወድቆ ሞተ።
እንዲህ ያለ በር ከዘራችን ማን አንኳኳ፣ ማንስ ከፈተ?
የባለጸጋ ልጅ ከአጎቱ ይሰማል የትኛው በር እንደሚከፈት፤
ይቺ ወረቀት፣ ብትዋሽም፣ አጎት ናት፣ አጎት ለሌለው ቤት።
ጫፏ የተበላች ሜትር አለችኝ፣ ሃያ ዓመት የያዝኳት፤
አልጣልኳትም፤ ግማሽ ኢንች መዋሸቷን አውቄ ነው የምለካባት።"

መልስ አልነበረኝም።

ኔሪስ ከስልኳ ቀና አለች። "የምጽፈውን" አለች "የሚያነብ አለ?"
አርባ ሁለቱን ጥያቄ በልቤ ገለበጥኩ፤ ይሄ አንዱ ከሁሉም ጎደለ።

ሦስተኛ ፎቅ ወሰድኳቸው፣ ሮንዌን ዘንድ፣ የታሪክ አስተማሪዋ፤
ማሞቂያው ሞቷል፤ ብርድ ልብስ ከጉልበቷ፣ እርሳስ ከጆሮዋ፤
የአንድ ልጅ ድርሰት ለአራተኛ ጊዜ ታነባለች፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣
ማንም ሳይቆጥርላት።

ኤምሪስ ኮርኒሱን አየ። "ያፈሳል" አለ፤ ሌላ አልጨመረ።
ጋዜጣውን ከማጠፉ በፊት ከአምሳ ስምንቱ ጎን አንድ ነገር ጫረ።

መስከረም ደረሰ። ልጅቱ የገባችው ሌላ ቦታ ነው፤ ሠላሳ ሦስተኛ።
አልፈርድባትም። እዚያም አንዲት ሮንዌን ትኖር ይሆናል፤
ላትኖርም ትችላለች፤ ምን እናውቃለን እኛ።

ቅጹ ዳግመኛ ሲመጣ፣ ከጋሬዝ ፊት፣ "ሥራ ይዟል" ከሚለው ሥር፣
"ጭልፋ" ብዬ ጻፍኩ።
ማሽኑ በቀይ መለሰልኝ፦ "እባክዎ ቁጥር
ብቻ ያስገቡ።"