የዐሥራ ዘጠኝ ቀን ውል

ጥር ነው፣ ካልጋሪ፤ ምድር ቤት ቁጭ ብዬ፣
የአከራዬ ማድረቂያ እያጓራ ከኋላዬ፣
ዕድሜዬን በሁለት ገጽ ልሰፍር ስታገል
አንዴ ይጠበዋል፣ አንዴ ይሰፋዋል፤
እስከ ስሜና ስልኬ እጄ ይፈጥናል፣
ከዚያ ወዲያ ግን ጣቴ ያነክሳል።

ኤድመንተን፣ አራት ወር፤ ሥራው አለቀና።
ሪጃይና፣ ሰባት ሳምንት፤ በጀቱ አለቀና።
ከዚያ የነዳጅ ድርጅት፣ ሰባተኛ ጎዳና፣
ሃያ ሁለተኛ ፎቅ፣
ዐሥራ ዘጠኝ የሥራ ቀን፤
እኔው አለቅሁና።

ሐመልማል በስልክ ትቆጣኛለች፤
ሆስፒታል ውስጥ ሠራተኛ ትቀጥራለች፣
የሰው ወረቀት ስታገላብጥ ዐሥር ዓመት ሆናት።
«ስድስት ሴኮንድ ነው ለአንድ ሰው የምንሰጠው፤
አጭር ውል ያየን ለት ግማሹን ነው የምንቀንሰው።
ወሩን ፋቅና ዓመቱን ብቻ ተው፤
ዓመት ሆደ ሰፊ ነው፣ ስንቱን ቻለው።
ሦስቱንም ጠቅልለህ በአንድ ከረጢት ክተት፣
‹የግል አማካሪ› በለው፣ ይሰጠዋል ክብደት።»
ውሸትም አይደለም፤ እውነትስ ነው እንዴ?
የታጠፈ ሸሚዝ ቀዳዳው አይታይም አንዳንዴ።

«ውል» ብዬ ጻፍሁና ቃሉ ራሱ ያዘኝ።
የፈትል ጫፍም ውል ነው፤ ልቃቂት ሲፈታ
ጣት የሚያስሰው፣ ቀስ ብሎ፣ በፋታ።
ውሉ የጠፋበት ድርና ማግ ከንቱ፤
የኔ ግን አልጠፋም፣
በመቀስ ነው የሄደ፣ ሐሙስ፣ በሦስት ሰዓቱ።

ግሌን ውኃ ቀዳልኝ።
(አለቃ በእጁ ውኃ ከቀዳ፣ ነገሩ አበቃ።)
አንቀጽ ዐሥራ አንድን አነበበ፣ ቀና ሳይል፣ በዝግታ፦
«በማናቸውም ጊዜ፣ ያለ ምንም ምክንያት።»
ሰው ሲጠይቀኝ እንኳ አውጥቼ የማሳያት
አንዲት ሰበብ ነፈገኝ።
መታወቂያዬን ከአንገቴ አወጣሁ፤
ኩባያና ሹራብ በካርቶን ታቅፌ ወጣሁ።
ዘበኛው የኔን ጫማ፣ እኔም የሱን ስናይ
ሃያ ሁለት ፎቅ ወረድን።
የሱም አዲስ ነበር።

ግን በነዚያ ቀናት፣
ከግራንድ ፕሬሪ ማዶ አንድ የፓምፕ ጣቢያ አለ፣
በመጋቢት ሰዓት ሲዞር የሱ የተዘለለ።
ግፊት ሲጨምር የሚጮኸው ደወል
አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይቆጥራል፤
እዚህ ሲደርስ ያረጀ ወሬ ነው ተብሎ ይጣላል።
ስንት ጊዜ ጮኾ ስንት ጊዜ እንደታለፈ
የሚያውቅ የለም፣ ማንም አልጻፈ።
በዐሥራ ሰባተኛው ቀን አገኘኋት፣
በአራት መስመር አቃናኋት።
ማንም አላጨበጨበ። ማታ የምስር ሾርባ አሞቅሁ፣
ሳልጨርሰው ተኛሁ።

ይህ በየትኛው ሣጥን ይገባል?
«ቆይታ» ከሚለው ሥር ወይስ «ውጤት» ከሚባል?

እኛ ዘንድ አንዲት ወር አለች፣ አምስት ቀን የተሰፈረላት፣
አንዳንዴ ስድስት፤
ደሞዝ የማይከፈልባት።
አጭር ናት ብሎ ማን ከዓመት አወጣት?
ጳጉሜን የፋቀ ሰው
እንቁጣጣሽን ከዝናብ መሐል ነው የሚያገኘው።

ውጭ ቺኑክ ገብቷል፤ ከተራራው ወርዶ፣
ለሁለት ቀን ብቻ የተቀጠረ ነፋስ፤
የጣሪያውን በረዶ አንጠባጥቦ፣ የመስኮቱን አሟሙቶ፣
ቅዳሜ ይሰናበታል፣ ማንም ሳይጠይቀው ለምን።

ጻፍሁት።
ኤፕሪል ስምንት እስከ ሜይ ሁለት። ውሉ በአሠሪው ተቋረጠ።
ከሥሩም፦ አንድ ደወል በሰዓቱ እንዲጮኽ አደረግሁ።
ሐመልማል ጠዋት ታየዋለች፣
«አንተ ሰው አትመከርም» ትላለች፣
ልክ ናት፤ ሦስት ሴኮንድ ብቻ ያዩኝ ይሆናል።

ማድረቂያው ቆመ። ቤቱ ጸጥ አለ።
ዛሬ ከማንም ጋር፣ የትም፣ ውል የለኝ፤
ያ ደወል ብቻ ነው፣
እንዲህ ሲመሽ፣ አልፎ አልፎ፣ ውል የሚለኝ።