ትልና ቆርኪ

ከሌሊት ፈረቃ ወጥቼ ስመጣ፣
የጥጡ ብናኝ ከቅንድቤ ሳይወጣ፣
ሙሄ ከድልድዩ ሥር ቀድሞኝ ተቀምጧል፤
በቲማቲም ጣሳ፣ ከነጭቃው፣ ትሉን ይዞ መጥቷል።
እሑድ ነው። ቦርከና ከደሴ ያገኘውን
ጨርቅ፣ ነጠላ ጫማ፣ የፈነዳ ኳሱን
ተሸክሞ ይወርዳል፣ ኮምቦልቻን አልፎ፣
ማንም ሳይጠይቀው ሁሉን ባንድ አቅፎ።

የእኔ ማጥመጃ ቆርኪ ነው፣ ጠጪ የጣለው ከቢራ፣
በመዶሻ ጠፍጥፌ የሞረድኩት እንዲያበራ፤
ጭራው ላይ ቀይ ክር አለ፣ ያወጣሁት ከፋብሪካ፣
ዘበኛው ሲፈትሸኝ ካልሲዬን ሳይነካ።
ውሃ ውስጥ ሲሽከረከር ነፍስ ያለው ይመስላል፤
አንዳንዴማ እኔኑ ዋጠኝ ዋጠኝ ይላል።

«ውሸታም!» ይለኛል ሙሄ ፊቱን ሳያዞር ወደ እኔ፣
«ይኼ ማጥመድ ይባላል? ማጭበርበር ነው ወገኔ።
የኔ ዓሣ ቢሞት እንኳ አፉ ላይ ጣዕም አለ፣
ጎርሶ ነው። ያንተ ግን ቆርቆሮ ነክሶ፣ ጦሙን ተታለለ።»

«መንጠቆ የሸሸገ ጉርሻ፣ ምኑ ላይ ነው ደግነቱ?
ትሉስ ምን በደለህ፣ ለሁለት የተቆረጠው ከነሕይወቱ?
ቆርኪዬ አይሞት፣ አይደማ፤
የትልህን ጩኸት ግን ማን ጆሮ አለው ሊሰማ?»

ሙሄ መልስ አይሰጥም። ትሉን እንትፍ ይልበታል፣
ክር በመርፌ እንደሚያስገባ ሰው አንድ ዓይኑን ይጨፍናል፣
ከዚያ ይወረውራል።

ወንዙም ቢሆን ፈርዶ አያውቅም፤ እንደ ወቅቱ ያዳላል።
ጥቅምት ላይ ውሃው ጠርቶ ጠጠሩ ሲቆጠር፣
ቀኑ የቆርኪ ነው፤ ቆሮሶው ከጥላው ሲወረወር
አያለሁ። ሙሄ ጣሳውን አቅፎ ያዛጋል።
ነሐሴ ላይ ግን ጦሳ አፈሩን አጥቦ ሲሰድ፣
ውሃው ቡላ ሲሆን፣ የነከሩት እጅ ሲጠፋ እስከ ክንድ፣
የቆርኪ ብርሃን ለማን ነው? አምባዛ ዓይኑን አያምንም፣
በጢሙ ነው የሚያነብ፤ ጢም ደግሞ ብልጭታ አይገባውም።

ዘንድሮ፣ በነሐሴ፣ ካፊያው እየጣለ፣
የሙሄ ሸምበቆ እስከ ውሃው ዘንበል አለ።
አምባዛ ነው! ክንድ የሚያህል፤ ተያይዘን ጎተትነው፣
እየተንሸራተትን፣ እየሰደብነው፣ ከሣሩ ላይ ጣልነው።
ሆዱን ሲሰነጥቀው ቢላው አንድ ነገር ነካ፣
ቋ አለ። ዝገት የበላው ቆርኪ ነው ለካ!
አምና ድንጋይ በጠሰብኝ ብዬ ያዘንኩለት፣
መንጠቆው አልቆ፣ ከቀይ ክሩ ጣት የምታህል ቀርታለት።

ዝም አልን።
መጀመሪያ ሙሄ ሳቀ፦ «አየህ? ብልጭታህን ቀምሶ፣
የእውነት ርሃቡን ይዞ መጣ ወደኔ ተመልሶ።»
እኔም አልኩ፦ «የእኔ ውሸት ዓመት ሙሉ ሆዱ ውስጥ አደረ፣
እሱም ከነውሸቴ ሲዋኝ፣ ሲወፍር ኖረ።
ያንተ እውነት ግን
ባንድ ጉርሻ ጨረሰው።»
ሙሄ ቢላውን ሱሪው ላይ ጠርጎ ወደ አፎቱ መለሰው።

ሚስቱ ጦይባ ጠበሰችልን፣ ሚጥሚጣ ነስንሳ።
እሾሁን እየለቀምን በላን፣ ማን እንደረታ ሳይነሳ።

ሰኞ ማታ ፈረቃ ስገባ፣ ከፋብሪካው በር ላይ
አዲስ ማስታወቂያ አየሁ፣ ከሩቅ የሚታይ፤
ትርፍ ሰዓት ለሚሠራ፣ ለሦስት ወር፣ ያለ እረፍት፣
«ጉርሻ አለው» ይላል፣ በወርቅማ ቀለም ጽፈውበት።
ሰዉ አንገቱን አስግጎ፣ አፉን ከፍቶ ያነባል።
እኔም ከፍቼ ነበር።
ኪሴ ውስጥ የዛገው ቆርኪ ጣቴን ወጋ አደረገኝ፤
ጎንበስ ብዬ፣ ከወረቀቱ ግርጌ፣
ቀይ ክር ፈለግሁ።